«ይሄ የተሰበረ ብርሌ አይደለም እንዴ?»

ጥያቄው የመጣው ፒያሳ አካባቢ ከሚያስተምሩ አንድ የሂሳብ መምህር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ ሙዚየም ሄጄ ነበር። አንድ መሳቢያ ውስጥ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ የብርጭቆ ቁርጥራጮች በየከረጢታቸው ተቀምጠዋል። ጽሑፉ ‹የብርጭቆ ዕቃ ስብርባሪ፣ መካከለኛው ዘመን› ይላል። አንዷ ተማሪዬ ‹ቲቸር፣ ይሄ የተሰበረ ብርሌ አይደለም እንዴ?› አለችኝና መልስ አጣሁ። ዕድሜውን በምን ያውቁታል? ለምንስ ገጣጥመው አያጣብቁትም? ሌላም አለኝ። ሰሜን ሸዋ፣ አያቴ ማሳ ላይ ክረምቱ አፈሩን ካጠበው በኋላ አራት ስባሪ አግኝቼ ይዤ መጥቻለሁ። ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ደግሞ ላዩ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ነው። በሳሙና ባጥባቸው ይበላሻሉ?»

መምህር፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ይህን በሚያነቡበት ሰዓት ስባሪዎቹ የእጅ መታጠቢያው ዳር ተቀምጠው ይሆናልና። እባክዎ አያጥቧቸው። ሳሙናው ይቅርና የቧንቧ ውሃም አይንካቸው፤ በተለይ ያንን ቀስተ ደመና የሚመስለውን።

ያ ቀለም የብርጭቆው የራሱ ቆዳ ነው። ብርጭቆ የሚሠራው ከአሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ ነው። አሸዋ ብቻውን ለመቅለጥ ወደ 1,700 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ይፈልጋል፤ የጥንት እቶን እዚያ አይደርስም። ሶዳ ሲጨመርበት ግን በ1,000 እና በ1,100 ዲግሪ አካባቢ እንደ ማር ይላላል። ሶዳ ብቻውን ደግሞ ብርጭቆውን በውሃ የሚሟሟ ያደርገዋል፤ ኖራው የሚገባው ይህንን ለመከላከል ነው። ታዲያ ዕቃው ተሰብሮ ሲቀበር፣ የአፈሩ እርጥበት ለመቶዎች ዓመታት ሶዳውን ቀስ እያለ ይመጠዋል። የሚቀረው ከሽንኩርት ልጣጭ እጅግ የሳሳ፣ ድርብ ድርብርብ የሆነ ቅርፊት ነው። ብርሃን በነዚያ ቅርፊቶች መካከል ሲመላለስ የርግብ አንገት የመሰለ ኅብር ያወጣል። ዝናብ በጣለበት አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ የሚያሳየው ቀለምም ምክንያቱ ይኸው ነው።

ይህን ቅርፊት ማጠብ ማለት የዕቃውን የመጀመሪያ ገጽ አብሮ መላጥ ማለት ነው። እኔ የጥንት ዕቃ እንክብካቤ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አፈር የያዘ አንድ ስባሪ በለስላሳ ብሩሽ ውሃ ውስጥ አጠብኩ። እንደ ዓሣ ቅርፊት ተላጦ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። በዚያ ቅርፊት ላይ አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ነበረች፤ የሐረግ ጫፍ ወይም የፊደል እግር ልትሆን ትችል ነበር። ስባሪውን ሳወጣው መስመሯ የለችም። መሬት ለመቶዎች ዓመታት ጠብቆ ያቆያትን እኔ በሁለት ደቂቃ አጠፋኋት። እስከ ዛሬ አዲስ ልጅ ለልምምድ አጠገቤ ሲቀመጥ ብሩሽ ከማስያዜ በፊት የምነግረው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ። ብዙ ጎብኚ በልቡ ይዞት የሚያልፈውን ነገር ደፍራ ጠይቃለች፤ ይህን ንገሩልኝ። አባባሏም ከእውነት የራቀ አይደለም። ብርሌ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭን ነው፤ ከመካከለኛው ዘመን የግብፅና የሶርያ ጠርሙሶች አጠገብ ቢደረደር ዘመድ ይመስላል። ስሙም አሮጌ ነው። በራእይ ዮሐንስ ምዕራፍ 21 የከተማይቱ መሠረት ያጌጠባቸው ዕንቁዎች ሲቆጠሩ ስምንተኛው ቢረሌ ነው፤ የከበረ ድንጋይ ስም የጠጅ መጠጫ ስም ሆኖ እኛ ዘንድ ደረሰ። መጽሐፈ ኢዮብ ደግሞ በምዕራፍ 28 ጥበብን ሊተካከሏት ከማይችሉት ሀብቶች መካከል ወርቅንና ብርጭቆን ጎን ለጎን ይጠራል። ብርጭቆ ከወርቅ አጠገብ የሚቆምበት ዘመን ነበረ ማለት ነው። የጠርሙስ ስባሪ ለሌባ መከላከያ አጥር ላይ ተተክሎ እያየች ላደገች የአዲስ አበባ ልጅ ይህ እንግዳ ቢሆንባት አይፈረድባትም።

ዕድሜው በምን ይታወቃል ላሉት፣ ዋናው ማስረጃ ያለው ብርጭቆው ላይ ሳይሆን ብርጭቆው በተኛበት አፈር ላይ ነው። ቁፋሮ የሚካሄደው ንብርብር በንብርብር ነው፤ ከላይ ያለው የቅርብ፣ ከታች ያለው የሩቅ ዘመን ነው። አንድ ስባሪ ሳይነካ በቆየ የቤት ወለል ሥር ከከሰል ጋር ቢገኝ፣ የከሰሉ ዕድሜ በካርቦን 14 ይለካል። አብሮት ሳንቲም ካለ፣ ሳንቲሙ ከተመታበት ዓመት በፊት ያ ወለል አልተዘጋም ማለት ነው። ስለዚህ «መካከለኛው ዘመን» የሚለው ጽሑፍ የቆመው በአንድ ቀን በጥንቃቄ በተጻፈ የቁፋሮ ማስታወሻ ላይ ነው። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ፤ የመልሴ ልብ እሱ ስለሆነ።

ሁለተኛው ምስክር የሠራተኛው እጅ ነው። ጌታው የቀለጠውን ብርጭቆ በረጅም የብረት ቱቦ ጫፍ ይዞ ይነፋዋል። ሆዱ ሲወጣለት ሌላ የብረት ዘንግ ግርጌው ላይ ይለጥፍና ከቱቦው ያላቅቀዋል፤ ከዚያ አፉን እሳት እያሳየ ያቃናዋል። ሲጨርስ ዘንጉ ተመትቶ ሲለቅቅ ግርጌው መሐል ላይ ሻካራ ክብ ጠባሳ ይተዋል። እኛ እምብርት እንለዋለን። የግርጌ ስባሪ ሲገኝ መጀመሪያ በጣታችን የምንፈልገው ይህንን ነው። ውስጥ ያሉት የአየር አረፋዎችም ይናገራሉ፤ ብርጭቆው በተነፋና በተሳበ ቁጥር ክብነታቸው ቀርቶ እንደ ስንዴ ፍሬ ይሞላለላሉ፣ የተሞላለሉበት አቅጣጫም ስባሪው ከአንገት ይሁን ከሆድ ይጠቁማል። ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከንፈሩ፣ ማለትም የአፉ ጠርዝ፣ በእሳት ስለላመ ለጣት ለስላሳ ነው።

የዘመናችን ጠርሙስ ግን ከሁለት ግማሽ ቅርጽ ማውጫ ስለሚወጣ በጎንና በጎኑ ስፌት የመሰለ መስመር አለው። ቤትዎ ያለ የለስላሳ ጠርሙስ ላይ በጥፍርዎ ተከትለው ይዩት። መስመሩ ከንፈሩ ድረስ ከወጣ ዕቃው በማሽን የተሠራ ነው፤ አውቶማቲክ የጠርሙስ ማሽን አሜሪካ ውስጥ የተፈለሰፈው በ1903 እ.ኤ.አ. ነውና ከዚያ ወዲህ የተሠራ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ወይን ጠጁ ስባሪዎ ያስጨነቀኝ በዚሁ ምክንያት ነው። ወይን ጠጅ ቀለም የሚመጣው ማንጋኒዝ ከሚባል ማዕድን ነው። አሸዋ ውስጥ ያለ ጥቂት ብረት ብርጭቆን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ይህንን ለማጥፋት የጥንት ሠራተኞች ልክ በሆነ መጠን ማንጋኒዝ ይጨምሩበት ነበር፤ ሲበዛ ደግሞ ሆን ብለው ወይን ጠጅ ያወጡበታል። በመካከለኛው ዘመን በምሥራቁ ዓለም ይህ ቀለም ተወዳጅ ነበር። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካዎችም ነጭ ጠርሙስ ለማውጣት ማንጋኒዝ ይጨምሩ ነበር። እንዲህ ያለ ነጭ ጠርሙስ ለዓመታት ፀሐይ ላይ ከዋለ በራሱ ጊዜ ወደ ወይን ጠጅነት ይለወጣል። ስለዚህ የእርስዎ ስባሪ የሰባት መቶ ዓመት ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከአድዋ ዘመን ወዲህ አንድ እንግዳ ጠጥቶ የጣለው ጠርሙስ። ቀለሙን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ካገኙ አይመኑት።

ሦስተኛው ምስክር ኬሚስትሪ ነው። ሶዳው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ዘመን ይለያል። በሮማውያን ጊዜና ከዚያም በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ሶዳው ይመጣ የነበረው ከግብፅ በረሃ፣ ከዋዲ ናትሩን ሐይቆች ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. አካባቢ ያ ምንጭ እየቀረ የመካከለኛው ምሥራቅ ሠራተኞች በጨዋማ መሬት የሚበቅሉ እፅዋትን አቃጥለው አመዱን መጠቀም ያዙ። አመድ ከሶዳው ጋር ማግኒዥያና ፖታሽ የሚባሉ ሁለት ውህዶች ይዞ ይገባል። ሁለቱም በስባሪው ውስጥ ከ1.5 በመቶ በታች ከሆኑ ሶዳው የሐይቅ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆኑ የአመድ ነው። ይህን መለያ ሴይርና ስሚዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1961 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሲሆን ዛሬም እንሠራበታለን። በዚያው ዘመን የአውሮፓ ጫካ ውስጥ ይሠራ የነበረው ብርጭቆ የእንጨት አመድ ስለሚገባበት ፖታሹ ከፍ ይላል፤ አፈር ውስጥ ሲቆይም ጠቁሮ ይቦረቦራል። የህንድ ብርጭቆ ብዙውን ጊዜ አሉሚና በሚባል ሌላ ውህድ ብዛት ይለያል። ናሙናውን አሁን በጨረር መውሰድ ይቻላል፤ የሚተወው ነጥብ በዓይን አይታይም።

ለምን አያጣብቁትም? ይህን ጥያቄ ሙዚየም በር ላይ ሁሌ እሰማዋለሁ። አብዛኛው ሰው መሳቢያው ውስጥ ያለው አንድ ዕቃ ነው፣ ሰነፍ ሠራተኛ ነው ያልገጣጠመው ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን በአንድ ከረጢት ያሉ ሃያ ስባሪዎች ከአሥራ አምስት የተለያዩ ዕቃዎች የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። የቀረው የዕቃው ክፍል የት ሄደ? እዚህ ላይ ቆራሌዎቻችን ይረዱኛል።

«ቆራሌዮ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ ጠርሙስ ገዝቶ ይሄዳል፤ ስባሪ ብርጭቆ አዲስ ብርጭቆ ውስጥ ሲጨመር ቶሎ ይቀልጣል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። የመካከለኛው ዘመን ሰዎችም ይህን ያውቁ ነበር። በ1025 እ.ኤ.አ. አካባቢ አንድ የንግድ መርከብ በዛሬይቱ ቱርክ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ ሰርቼ ሊማኒ ከሚባል ወሽመጥ ሰጠመ። አርኪዮሎጂስቱ ጆርጅ ባስ የሚመራው ቡድን ከ1977 እስከ 1979 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው፣ መርከቡ ሦስት ቶን ያህል ብርጭቆ ጭኖ ነበር፤ ሁለቱ ቶን ያልተሠራ የብርጭቆ ድፍድፍ፣ አንዱ ቶን ደግሞ የተሰባበረ ዕቃ። የስባሪዎቹ ቁጥር ከግማሽ ሚሊዮን እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። ነጋዴው እየጫነ የነበረው ለማቅለጥ ነው። ዘመኑ የታወቀውም እዚያው በተገኙ ከብርጭቆ በተሠሩ የሚዛን ድንጋዮች ነው፤ ግብፅ ውስጥ የወጡ ሲሆኑ የመጨረሻዎቹ የ1024/25 ናቸው። ባለሙያዎች ያንን ክምር እየለዩ መግጠም ብዙ ዓመት ፈጀባቸው፤ ውጤቱ ዛሬ እዚያው ቱርክ፣ ቦድሩም ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይታያል።

እና የተሰበረ ዕቃ ሁልጊዜ ወደቀበት ቦታ አይቀርም። ትልልቁ ተለቅሞ ይሸጣል፣ ይቀልጣል፣ ዶቃም ይወጣዋል። አፈር ውስጥ የሚቀረው ለቃሚው ያላየው ትንሹ ነው። ለዚህ ነው መሳቢያው ውስጥ ያሉት የጥፍር ያህል የሆኑት። ሁለት ስባሪ በትክክል ገጥሞ ሲገኝ፣ ማጣበቁ አስፈላጊ ከሆነ፣ በአሴቶን ተመልሶ በሚለቅ ማጣበቂያ ይደረጋል፤ ሱፐር ግሉና ፕላስተር ግን ቅርፊቱን ይዞት ይነሳልና ወደ ቅርስ አናስጠጋቸውም።

ሳንገጥመው ዕቃውን ማየት እንችላለን ወይ? እንችላለን፤ ይህ ደግሞ የእርስዎ ሙያ ነው መምህር። ከከንፈር የተረፈ አንድ ስባሪ የክብ ቅስት ነው። የቅስቱን ሁለት ጫፍ የሚያገናኘውን አውታር ይለኩ፤ ከአውታሩ መሐል እስከ ቅስቱ አናት ያለውን ከፍታ ይለኩ። አውታሩን በራሱ ያባዙና ለከፍታው ስምንት እጥፍ ያካፍሉ፤ በዚያ ላይ የከፍታውን ግማሽ ይደምሩ። ሬዲየሱ ወጣ። አውታሩ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ሬዲየሱ 4.25፣ የአፉ ስፋት 8.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የመጠጫ ብርጭቆ አፍ ማለት ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢመጣ ደግሞ የሽቶ ወይም የኩል ጠርሙስ አንገት እናስባለን። ያ ባለ 8.5 ሴንቲ ሜትሩ ስባሪ ከሙሉው ከንፈር ወደ 16 በመቶ ይይዛል። አንድ ዓይነት ስፋት፣ ቀለምና ውፍረት ያላቸውን የከንፈር ስባሪዎች በመቶኛ ደምረው 240 ቢደርስ፣ አፈሩ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዕቃ ነበረ ይላሉ፤ በሁለት ከንፈር 240 በመቶ አይሞላምና። ሙዚየም ስትሄዱ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ እንዳመለጣችሁ አትቁጠሩት።

የጥፍር ያህሉ ስባሪ አንዳንዴ ከዚህም በላይ ይናገራል። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. የሶርያና የግብፅ ሠራተኞች ብርጭቆ ላይ በቀለም ዱቄትና በወርቅ እየጻፉ ዳግመኛ እሳት ያሳዩት ነበር። የመስጊድ ቀንዲሎቹ በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ካይሮ ያለው የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ትልቁ ስብስብ አለው። ብዙዎቹ ላይ የተጻፈው የሱረቱ ኑር 35ኛ አንቀጽ ነው፤ የፈጣሪን ብርሃን በብርጭቆ ውስጥ እንዳለ መብራት፣ ብርጭቆውንም እንደሚያበራ ኮከብ የሚመስለው። ብርጭቆው ላይ ስለ ብርጭቆ ተጽፎበት፣ ከውስጥ መብራት ሲበራ ፊደሉ የሚደምቅበትን ጥበብ ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይሞላል። በዚያው ዘመን የየመን ረሱሊድ ሱልጣኖች ከነዚሁ ጌቶች ዕቃ ያሠሩ ነበር፤ ምልክታቸው አምስት ቅጠል ያላት አበባ ናት። እንግዲህ የአበባዋ ሦስት ቅጠል ያለበት ስባሪ ቢገኝ የማን ቤት ዕቃ እንደነበር ፍንጭ ይሰጣል። ከሃይማኖት ጽሑፍ አንድ ፊደል፣ ከሱልጣን ምልክት አንድ ቅጠል፤ ሌላ ነገር ላይ እንዲህ ትንሽ ቅሪት ይህን ያህል አይናገርም።

ይህ ሁሉ ለኛ ምኑ ነው ትሉ ይሆናል። በጣም ብዙ። ቁፋሮ የሚያወጣልን የብርጭቆ ዕቃ በአመዛኙ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ እያንዳንዱ ስባሪ አንድ መንገድ ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. አንድ የግሪክኛ የባሕር ነጋዴ መመሪያ ወደ አክሱም ወደብ አዱሊስ የሚገባውን ሸቀጥ ሲዘረዝር ብዙ ዓይነት ብርጭቆ ይጠቅሳል፤ የአክሱም መቃብሮችም የብርጭቆ መጠጫዎችን አውጥተዋል። ከአክሱም በኋላ መንገዱ አልተዘጋም፤ በሰሜን በዳህላክ፣ በምሥራቅ በዘይላ በኩል ቀጠለ። የሲራራ ነጋዴ ጭድ ውስጥ ጠቅልሎ፣ ግመል ላይ ጭኖ፣ ከቆላው ወደ ደጋው ሲያወጣው ይታየኛል። ጨው አሞሌ ቢሰበር ስባሪውም ጨው ነው። ብርጭቆ ሲሰበር ግን ጉዞው በሙሉ ከንቱ ነው፤ እንዲህ ያለ ሸቀጥ ይዞ ያንን ዳገት የወጣ ሰው ደጋው ላይ ብዙ የሚከፍለው ገዢ እንዳለ አውቆ ነው።

ድሬዳዋና ሐረር መካከል ያለችው ሐርላ ይህን በደንብ ታሳያለች። የአካባቢው ሰው የግንቡ ድንጋይ ከትልቅነቱ የተነሣ የግዙፎች ከተማ ነበረች ይል ነበር። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አርኪዮሎጂስቱ ቲሞቲ ኢንሶል የሚመሩት ቡድን ሲቆፍር የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ ሠሪዎች ቤት፣ የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲም፣ የቻይና ሸክላ፣ ዶቃና የብርጭቆ ዕቃ ስብርባሪ ወጣ። ወደ እርስዎ አያት አገር ስንመጣ ደግሞ፣ በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩ፣ ሙታናቸውን በድንጋይ ክምር ሥር ይቀብሩ የነበሩ ሕዝቦች መቃብር ተገኝቷል። ተመራማሪዎች «የሻይ ባህል» ይሉታል፤ ከምንጠጣው ሻይ ጋር አይገናኝም። ክርስቲያንም ሙስሊምም ያልነበሩ ሰዎች ናቸው፤ መቃብራቸው ውስጥ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ የብርጭቆ ዶቃ በብዛት አለ። በአንድ በኩል የክርስቲያኑ መንግሥት፣ በሌላ በኩል የሙስሊሙ ኢፋት፣ መሐላቸው እነዚህ ሰዎች፤ የታሪክ መጽሐፎቻችን ጦርነታቸውን ሲያወሩ፣ ዶቃው ደግሞ ገበያቸውን ያወራል።

አሁን ስለ ቁፋሮ ማስታወሻ ያስቀረሁትን ላንሳ። አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠራው ዕቃ ቤት፣ አንድ የካርቶን ሣጥን ከፍቼ ነበር። ከስልሳ በላይ ስባሪ። አንዷ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች፣ ዳሯ ላይ የወርቅ ዱካ ያላት፣ እጅ ላይ እንደ ጤዛ የምትቀል። ከሣጥኑ ጋር የነበረው ወረቀት ጣሪያው አፍስሶበት ቀለሙ ሄዷል፤ የሚነበበው «ብርጭቆ፣ 3 ከረጢት» ብቻ ነው። ያችን ስባሪ ይዤ በየትኛው ዘመን፣ በምን ዓይነት እቶን እንደተሠራች ልነግርዎ እችላለሁ። ከኢፋት ይሁን ከላስታ፣ ከመስጊድ ይሁን ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመቃብር ይሁን ከወጥ ቤት ግን ማንም አይነግረንም። ስለ ሶርያ ታሪክ ትመሰክራለች፤ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ግን አፏ ተዘግቷል። አፏን የዘጋው ደግሞ መሰበሯ አልነበረም። ቀለሙ የፈሰሰው ያ የእጅ መዳፍ የምታህል ወረቀት ነው።

ተማሪዎ መሳቢያው ውስጥ ያየችው ከረጢት ላይ ቁጥርና የቦታ ስም ተጽፎበት ከነበረ፣ የቅርሱ ግማሽ እሱ ነው። ያለ ጽሑፍ የተቀመጠ ውብ ጠርሙስ እና ጽሑፍ ያለው የጥፍር ያህል ስባሪ ምረጪ ብባል ስባሪውን እወስዳለሁ። ይህን የምለው ውብ ጠርሙስ ጠልቼ አይደለም።

ስለዚህ የእርስዎ አራት ስባሪዎች። ዛሬውኑ፣ ትዝታው ሳይደበዝዝ፣ ለእያንዳንዳቸው ወረቀት ይጻፉላቸው፤ የማሳው ስም በአገሬው አጠራር፣ ቀበሌው፣ ከየትኛው ጥግ እንደተነሣ፣ ከወንዙ ወይም ከታወቀ ዛፍ ያለው ርቀት፣ ከላይ ተኝቶ ይሁን በውሃ ከተቦረቦረ ገደል፣ ያነሡበት ቀን። በእርሳስ ይሁን፤ እርሳስ ውሃ አያጠፋውም። እያንዳንዱን ለየብቻው በለስላሳ ወረቀት ጠቅልለው ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ላስቲኩን በመርፌ ወጋ ወጋ ያድርጉት፣ ውስጡ እንዳያልበው። ጥጥ አይጠቀሙ፣ ክሩ ቅርፊቱን ይይዘዋል። ቁጥር ብርጭቆው ላይ በስክሪብቶ አይጻፉ። ፀሐይ ላይም ሆነ ሞቃት ቦታ አያስቀምጡት፤ የአዲስ አበባ በጋ አየሩን ያደርቀዋል፣ ክረምቱ ያረጥበዋል፣ እንዲህ መለዋወጡ ራሱ ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል። ሙቀቱና እርጥበቱ ወጣ ገባ የማይልበት መሳቢያ ይበቃል።

ማሳው ላይ ተመልሰው አይቆፍሩ፣ ሰውም አያስቆፍሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም እዚህ አዲስ አበባ ያለው የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ይሂዱ። ስባሪዎቹን ከነወረቀታቸው ይውሰዱ፣ ፎቶም ያንሡ፤ ከጎናቸው አንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡ፣ መጠኑ እንዲታይ። አያትዎን ደግሞ ይጠይቁልኝ፤ በማሳው ላይ የድንጋይ ክምር ነበረ ወይ? ድሮ የፈረሰ ግንብ፣ የቀድሞ ገበያ፣ «የአሕዛብ መቃብር» የሚባል ቦታ? አረጋውያን የሚያውቁትን የቦታ ስም ምንም መሣሪያ አይተካውም።

ልጅቷንም ያሳትፏት። ወይን ጠጁን በብርሃን አንጻር ይዛ ትመልከተው፤ አረፋዎቹ ክብ ናቸው ወይስ የተሞላለሉ? የከንፈር ወገን ከሆነ አውታሩንና ከፍታውን ትለካ። የስፌት መስመር ካለ ደግሞ እስከ ከንፈሩ ይወጣ እንደሆነ በጥፍሯ ሳትፍቅ በዓይኗ ትከተለው። ያገኘችውን ጽፋ ላኩልኝ፣ በዚያው እንቀጥላለን።